ጥጃ፦ ሰባት ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ስክሪፕት (የሥራ ማስታወሻ፣ ጎንደር፣ ክረምት 2017)

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስተምራለሁ። ዘንድሮ ለክረምቱ ሰባት ተማሪ መጣልኝ። ሰባት ተማሪ ማለት ሰባት የሚበላሽ ኮምፒውተር ማለት ነው። ሰርቨር ማስተዳደር የሚለመደው አበላሽቶ በመጠገን ነውና ለእያንዳንዳቸው እንደ ልብ የሚያበላሹት ማሽን ያስፈልጋቸዋል።

ያለኝ ይኸው ነው። አንድ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ፤ ባለ 4 ኮር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ሌላው የተማሪዎቹ ላፕቶፕ ነው፤ አብዛኛው 4 ጊጋባይት ራም ያለው ሽማግሌ። አምና ቨርቹዋል ማሽን (በእውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) በየላፕቶፑ ላይ ጭነን ሞክረን ነበር። ሲከፈት ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ከዚያ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። የአንዱ ድርቅ ብሎ እስኪመለስ የሌላው ይደርቃል።

ክላውድ ተከራይ ያለኝ አልጠፋም። ክፍያው በዶላር፣ ካርዱ የውጭ፣ ኔት ሲቆራረጥ ደግሞ ማሽኑ እዚያ እኛ እዚህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ። እኔ ላሟን እዚሁ ክፍሌ ውስጥ ላስራት ብያለሁ።

ዴስክቶፑ ላይ ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩ፤ በላዩ ኬቪኤምና ኪውኢሙ። ሁለቱ ሥራ ተከፋፍለዋል። ኪውኢሙ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና ስክሪኑን ያስመስላል። ፋብሪስ ቤላርድ የሚባል ፈረንሳዊ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮግራም ነው። ኬቪኤም የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አካል ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ከ2.6.20 እትም ጋር ገባ። የእሱ ድርሻ እውነተኛውን ፕሮሰሰር ለእንግዳው፣ ማለትም ለቨርቹዋሉ ማሽን ማዋስ ነው። ያለ ኬቪኤምም ኪውኢሙ ይሠራል፤ ግን የፕሮሰሰሩን ትዕዛዝ እየተረጎመ ነው የሚሄደው።

ትርጉም ምን ያህል እንደሚያዘገይ ዛሬ ማታ በደንብ አየሁ። የመጀመሪያውን ማሽን አስነሳሁ። አቦሉን ጠጥቼ ስመለስ ገና ነው። ቶናውን ጠጥቼ ስመለስ የመግቢያ ስም ጠየቀኝ። ኤስኤስዲውን ጠረጠርኩ። ራሙን ጠረጠርኩ። ጉዱ ያለው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም) ውስጥ ነበር፦ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው ተዘግቷል። ከፈትኩት። ዴቭ ፎልደር ውስጥ ኬቪኤም የሚባለው ፋይል ብቅ አለ። ራሴን ኬቪኤም የሚለው ግሩፕ ውስጥ አስገባሁ፣ ወጥቼ ገባሁ። ማሽኑ በ15 ሰከንድ ተነሳ።

በረካ ሳልጠጣ ተኛሁ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

አንድ ማሽን በኪውኢሙ ለማስነሳት የሚጻፈው መስመር ጉድ ነው። ኬቪኤም ተጠቀም፤ ራሙ ይህን ያህል፤ ኮሩ ሁለት፤ ዲስኩ እዚህ አለ፣ ዓይነቱ ቪርትአይኦ ነው፤ ኔትወርኩ እንዲህ ይሁን፤ ስክሪን አታሳይ፤ ወደ ጀርባ ሂድ፤ የፕሮሰስ ቁጥርህን እዚህ ጻፍ፤ የምታናግርበትን ሶኬት እዚያ ክፈት። ተርሚናሌ ላይ አራት መስመር ይሞላል። አንድ ኮማ ከረሳህ አይነሳም። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ስህተት ይነሳና ኔትወርክ የለውም።

ይህን የሚያቃልሉ መሣሪያዎች አሉ። ሊብቨርት የታወቀው ነው፣ «ቨርሽ» ከሚባለው ትዕዛዙ ጋር። ክፉ አልናገረውም፤ አሥር ሰርቨር ቢኖረኝ እሱን ነበር የምይዘው። ግን እያንዳንዱ ማሽን በኤክስኤምኤል ይገለጻል፣ ከጀርባ ሁሌ የሚሠራ አገልግሎት አለው፣ ሲበላሽ ደግሞ የት ቦታ እንደተበላሸ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። እኔ የምፈልገው ያንን ረጅም መስመር የሚጽፍልኝ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ ባነበው የሚገባኝ የባሽ ስክሪፕት ነው፤ ባሽ በተርሚናል የሚጻፍለትን ትዕዛዝ የሚፈጽም ነው፣ ስክሪፕት ደግሞ ትዕዛዞቹ ተራ በተራ የተጻፉበት ፋይል። ዛሬ ጀመርኩት። 60 መስመር ሆነ።

ከሁሉ ደስ ያለኝ የዲስኩ ነገር ነው። የኪውኢሙ የዲስክ ፋይል ዓይነት ኪውካው2 ይባላል። «ካው» የሚለው «ሲጻፍበት ቅዳ» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ነው፤ ጆሮ ግን የሚሰማው ላም ነው። ዴቢያን 12ን አንዴ በሥርዓት ጭኜ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስተካክዬ አስቀመጥኩት። እሷ ላሟ ናት። ከእሷ ለእያንዳንዱ ተማሪ ተደራቢ ፋይል ይፈጠራል። ተደራቢው ባዶ ነው፤ ተማሪው የቀየረውን ብቻ ይይዛል፣ ያልተቀየረውን ከላሟ ያነባል። እንግዳው ማሽን 20 ጊጋባይት ዲስክ አለኝ ብሎ ያምናል። ፋይሉ ሲወለድ ግን ወደ 200 ኪሎባይት ነው። ሰባቱንም ለመፍጠር ሁለት ሰከንድ አልፈጀም።

ስክሪፕቱን «ጥጃ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

አንድ ነገር፦ ተደራቢውን ስትፈጥር የላሟንም ፋይል ዓይነት መናገር ግዴታ ነው። ድሮ ኪውኢሙ ራሱ ይገምት ነበር። ከ6.1 እትም ወዲህ ካልነገርከው አይፈጥርም። እኔ የድሮውን ልማድ ይዤ ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩት።

ላሟን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጬ አስቀመጥኩ። ለማንኛውም።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኖቻቸው ውስጥ ገቡ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጫጫታ ተነሳ። «ቲቸር፣ የኔ አይፒ ከሱ ጋር አንድ ነው!» «የኔም!» ሰባቱም 10.0.2.15 ናቸው።

ትክክል ናቸው፣ ማሽኑም ትክክል ነው። ኪውኢሙ ብቻውን ሲለቀቅ ለእያንዳንዱ እንግዳ የራሱን ትንሽ ኔትወርክ ይሠራለታል። እንግዳው ሁሌ 10.0.2.15 ነው፣ መውጫው 10.0.2.2፣ ዲኤንኤሱ 10.0.2.3። ሰባት ቤት፣ ሰባቱም የቤት ቁጥራቸው አንድ፣ ግን በሰባት የተለያየ መንደር ውስጥ። ወደ ውጭ ኢንተርኔት ይወጣሉ፣ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ከውጭ ለመግባት በዴስክቶፑ ላይ ፖርት፣ ማለትም በቁጥር የሚታወቅ መግቢያ በር ይከፈትላቸዋል። አንደኛው ጥጃ 2201፣ ሁለተኛው 2202፣ እንዲያ እያለ። ስክሪፕቱ ፍጠር ሲባል ያልተያዘውን ቁጥር ወስዶ ፋይል ላይ ይጽፋል።

ፒንግ (ሌላ ማሽን አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትዕዛዝ) ሲሞክሩ መልስ አልመጣም። ይህም ከዚሁ ኔትወርክ ጠባይ ነው፤ የሠራ ኢንተርኔት ፒንግ ላይሠራበት ይችላል። ተማሪ ግን ፒንግ ካልሠራ ኔት የለም ብሎ ነው የሚያምነው። ገጽ አውርደው እስኪያዩ አላመኑኝም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ትዕዛዞቹን አማርኛ አደረግኳቸው።

ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ለሰው አይሰማማም፣ የሚደረግ ነገር የለም። ባሽ ለፊደል ግድ የለውም፤ የትዕዛዝ ስም ለእሱ ባይት ነው። «ጥጃ ፍጠር»፣ «ጥጃ አስነሳ»፣ «ጥጃ ግባ»፣ «ጥጃ ዘርዝር»፣ «ጥጃ አጥፋ»። ሁሉም ሠራ።

ትንሽ ትንሽ እንቅፋት አለ። የማሽን ስም አማርኛ አይሆንም፤ ሆስትኔም የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ነው የሚቀበለው። ዴስክቶፑ ላይ ስክሪን ሰክቼ በጥቁሩ ኮንሶል ስገባ ደግሞ ፊደሉ ሁሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ታየኝ። ለእሱ መፍትሔ አለ፤ ዴቢያን ከኮንሶል ማስተካከያው ጋር የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አብሮ ይሰጣል። ከፎንቶቹ አንዱ «ጎሃ» ይባላል። ከመስኮቴ አንገቴን አውጥቼ የጎሃን ኮረብታ እያየሁ ጎሃን ጫንኩ። ለጎንደር ሰው የተላከ መልእክት አስመሰለው።

ተማሪዎቹ ወደዱት። ከመካከላቸው እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ልጅ ዛሬ መጀመሪያ ጨረሰ።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ዛሬ መጥፎ ቀን ነው።

ከሴቶቹ ትንሿ፣ ከኋላ የምትቀመጠው፣ እጇን አነሳች። ድምጿ ቀዝቀዝ ብሏል።

«ቲቸር፣ አጥፋ አልኩት፤ ጠፋ።»

«ጥሩ፣ እና?»

«በቃ ጠፋ። አስነሳ ብለው የለም ይለኛል።»

ሄጄ አየሁ። «ጥጃ ዘርዝር» አልኩ። ስድስት ጥጃ። የስድስት ቀን ሥራዋ፣ ዌብ ሰርቨሩ፣ በእጇ የጻፈችው የፋየርዎል ሕግ ሁሉ፣ የለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አጥፋ ስል እኔ ያሰብኩት «ፋይሉን አጥፋ» ነው። እሷ ያሰበችው «መብራቱን አጥፋ» ነው። አማርኛው ሁለቱንም ይላል። ወደ ቤት ስትሄድ ኮምፒውተሯን አጠፋች፤ ሌላ ምን አደረገች? ስክሪፕቱ ደግሞ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። እኔ ነኝ አትጠይቅ ያልኩት፤ ችኩል ሰው የጻፈው ስክሪፕት ችኩል ነው።

የሚያጽናና ነገር ካለ፣ በእንግሊዝኛውም ያው ነው። ቨርሽ ላይ «ዲስትሮይ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። ስሙን የሰማ ሁሉ ማሽኑ ድራሹ የሚጠፋ ይመስለዋል። የሚያደርገው ግን የኃይል ገመዱን መንቀል ብቻ ነው፤ ዲስኩ እንዳለ ይቀመጣል። እነሱ የዋሁን ነገር በሚያስፈራ ስም ጠሩት፣ እኔ የሚያስፈራውን በየዋህ ስም። የእኔ ይብሳል።

ማታ ቃላቱን ከለስኩ። አጥፋ የሚባል ትዕዛዝ ከእንግዲህ የለም። በምትኩ ሦስት፦

«ዝጋ»፤ በሥርዓት ይዘጋል። «ንቀል»፤ ገመድ እንደ መንቀል፣ ደርቆ ለቀረ ማሽን ብቻ። «ሰርዝ»፤ ጥጃው ከነዲስኩ ይሄዳል።

ሰርዝ ሲባል የማሽኑን ስም ሁለተኛ አስጽፎ ያረጋግጣል። ከዚያም አይደመስስም፤ ፋይሉን ቅርጫት ወደሚባል ፎልደር ያዛውራል። ሳምንት ሲሞላው ነው የሚደፋው። የእሷ ቅርጫት ውስጥ አልነበረም፤ ቅርጫቱ ከእሷ በኋላ መጣ። (ከቀናት በኋላ የጨመርኩት፦) እንደገና ሠራችው። ሁለተኛው በሁለት ቀን አለቀ፣ ከመጀመሪያውም ይሻላል። እኔን ግን ገና ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ገብርኤል ስለሆነ ተማሪ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክፍሉን ከፍቼ ዝጋን በደንብ ጻፍኩት።

ማሽን መዝጋት ፕሮሰሱን መግደል አይደለም። ኪውኢሙ ሲነሳ የሚከፍተው ሶኬት አለ፣ በእሱ ይነጋገሩታል። በሶኬቱ የማጥፊያ ቁልፍ ተጫን የሚል መልእክት ስትልክለት እንግዳው ውስጥ ያለው ዴቢያን ይሰማል፣ ዳታቤዙን ይዘጋል፣ ዲስኩን ያራግፋል፣ ይተኛል። ስክሪፕቱ 60 ሰከንድ ይጠብቃል፣ በየሰከንዱ አለ ወይ እያለ። ካልተዘጋ ስሙን በቀይ ይጽፋል እንጂ አይነቅልም። መንቀል የሰው ውሳኔ ይሁን ብዬ።

«አለ ወይ» የሚለው ግን ጉድ ሠራኝ። ትናንት መብራት ሄዶ መጣ። ዴስክቶፑ ተነሳ። «ጥጃ ዘርዝር» ስል ሦስተኛው ጥጃ ይሠራል ይላል። ልግባ ስል አይገባም። አስነሳ ስል ተነስቷል ይለኛል። ቁጥሩን ፈለግኩ። የድሮው የፕሮሰስ ቁጥር ፋይሉ ላይ ቀርቷል፤ ከሪስታርት በኋላ ያንኑ ቁጥር ሌላ ፕሮሰስ ደርሶታል። ስክሪፕቴ በሞተ ሰው ስም የሚኖር ጎረቤት አግኝቶ «አለ» ይለኛል።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። የቁጥር ፋይሎቹን ዲስክ ላይ ሳይሆን «ረን» የሚባለው ፎልደር ውስጥ አደረግኳቸው። ያ ፎልደር ያለው ራም ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ከሞት የሚተርፍ ወረቀት የለም። እንዲያም ሆኖ ቁጥሩ የእውነት የኪውኢሙ መሆኑን የሚያይ ፍተሻ ጨመርኩ። ሁለቴ የተነከሰ ሰው ነኝ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

መብራት በሳምንት ሦስት ቀን እየሄደ ነው። ዩፒኤስ አለኝ፣ ርካሹ፤ ዴስክቶፑን አሥር ደቂቃ ይይዛል። ለኮምፒውተር መብራት ሄደ ብሎ የሚናገርበት ገመድ ግን የለውም። ይጮሃል ብቻ። ሌሊት ለማን ነው የሚጮኸው?

ዘዴ አገኘሁ። ስክሪኑ የተሰበረ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ጥግ ላይ ተጥሏል። ባትሪው ሃያ ደቂቃ ይይዛል፣ ይበቃኛል። እሱን ከዩፒኤሱ ሳይሆን ከግድግዳው ሰካሁት። ሊኑክስ ቻርጀሩ ኃይል ይምጣበት አይምጣበት በአንዲት ፋይል ውስጥ ይጽፋል፦ 1 ወይም 0። ላፕቶፑ በየአሥር ሰከንዱ ያነባል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ 0 ከሆነ በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ሌላ ማሽን ውስጥ መግቢያ መንገድ) ዴስክቶፑ ላይ ይገባና «ጥጃ ሁሉንም ዝጋ» ይላል። ከዚያ ዴስክቶፑን ራሱን ይዘጋል። የተጣለው ላፕቶፕ የሌሊት ዘበኛ ሆነ።

ሞከርኩት፣ የግድግዳውን ብሬከር አውርጄ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት፣ አራት። ምንም። ዩፒኤሱ ይጮሃል። ለካ ሁለቱን በኔትወርክ የሚያገናኘውን ስዊች ዩፒኤስ ላይ አልሰካሁትም። ዘበኛው ነቅቷል፣ ጌታው ነቅቷል፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ጨለማ ነው። ስዊቹን አዛወርኩ።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ሁለተኛ ሙከራ። ብሬከር አወረድኩ። ላፕቶፑ በሰዓቱ ገባ። የመለሰለት መልስ ይህ ነው፦

«ሁሉንም የሚባል ጥጃ የለም።»

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ንዴቴ መጣ። በእጄ ስጽፈው ይሠራል። ላፕቶፑ ሲጽፈው አይሠራም። ያው ቃል፣ ያው ፊደል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይህን ስህተት በእንግሊዝኛ የሚሠራ ሰው አያየውም። አማርኛ አንድን ድምፅ በሁለት በሦስት ፊደል ይጽፋል። ሁሉንም የሚል አለ፣ ኹሉንም የሚል አለ። አስነሳና አስነሣ፣ ሰርዝና ሠርዝ። ለእኛ ያው ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ፈጽሞ ሌላ ሌላ ፊደል ነው። ሠርዝ ብሎ የጻፈ ተማሪ እንዳይንገላታ ብዬ ስክሪፕቱ ውስጥ ሁለቱንም ፊደል በማዕዘን ቅንፍ አስገብቼ ነበር፦ [ሁኹ]ሉንም፣ [ሰሠ]ርዝ። ትርጉሙ «ከእነዚህ አንዱ ፊደል ከሆነ ተቀበል» ነው።

ባሽ ግን «አንድ ፊደል» ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በሎካል ቅንብሩ (የትኛው ቋንቋና የፊደል አጻጻፍ እንደሚሠራበት በሚነግረው) ነው። ዩቲኤፍ-8 (የየቋንቋውን ፊደል በባይት የመጻፊያ ደንብ) ከተባለ ሁ አንድ ፊደል ናት። ካልተባለ ሁ ሦስት ባይት ናት፤ የግዕዝ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። በዚያን ጊዜ ቅንፉ ከሦስቱ ባይት አንዱን ብቻ ይወስድና ቀጣዩ ፊደል ሉ አይደለም ብሎ ይመልሳል። እኔ ዴስክቶፑን ስጭን ሎካል አልመረጥኩም ነበር። ዩቲኤፍ-8 ያልኩት በራሴ መግቢያ ፋይል ውስጥ ነው፣ ያ ደግሞ የሚነበበው እኔ ራሴ ተርሚናል ከፍቼ ስገባ ነው። ላፕቶፑ ትዕዛዝ ብቻ ልኮ ሲወጣ ማንም አያነብለትም።

ሁለት ነገር አደረግኩ። ሎካሉን ለሲስተሙ በሙሉ አስተካከልኩ። ቅንፎቹን ደግሞ ሁሉ አውጥቼ ሙሉ ቃላቱን ጎን ለጎን ጻፍኳቸው፦ ሁሉንም|ኹሉንም፣ ሰርዝ|ሠርዝ፣ አስነሳ|አስነሣ። ሙሉ ቃል ባይት በባይት ቢነጻጸርም ያው ነው፣ ሎካል አያስፈልገውም። ሁለተኛው ብቻውን ይበቃ ነበር።

ሦስተኛ ሙከራ፦ ሰባቱም ተዘጉ፣ 40 ሰከንድ። ብሬከሩን መለስኩ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

አጭር። ለአንዱ ጥጃ ባክአፕ በፍላሽ ልወስድ ብል 4 ጊጋባይት ላይ ቆመ። ፍላሹ ፋት32 ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በኤክስት4 ፎርማት አደረግኩት። ኬኤስኤምንም ከፈትኩ፤ በየማሽኑ ያለውን ተመሳሳይ የራም ገጽ አንድ የሚያደርግ የከርነል ነገር ነው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሰባት ተመሳሳይ ዴቢያን ሲሆኑ ይጠቅማል። አንድ ጊጋባይት ያህል ተረፈኝ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ቅዳሜ ዕለት ዴቢያን 13 ወጣ። ትናንት እሑድ ክፍሉ ባዶ፣ ሰባቱም ጥጃ ተዘግቷል። ላሟን ላሻሽላት አልኩ። ላሟ ከተሻሻለች ጥጆቹም ይሻሻላሉ ብዬ። ላሟን ራሷን አስነስቼ ከ12 ወደ 13 አሳደግኳት። ጾም ላይ ስለሆንኩ ነው ብዬ ላመካኝ አሰብኩ፤ ግን ይህን ስህተት አትሥሩ ብዬ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ተማሪ ቀድመው ገብተው ማሽናቸውን አስነሱ። አንዱ የፋይል ሲስተም ስህተት እያዘነበ ቆመ። ሌላው ጭራሽ አልተነሳም። «ማንም እንዳያስነሳ!» ብዬ ከደረጃው ላይ ጮህኩ።

ነገሩ ይህ ነው። ተደራቢው የሚይዘው የተቀየረውን ቁራጭ ብቻ ነው፣ በ64 ኪሎባይት በ64 ኪሎባይት። የቀረውን «እዚያ ቦታ ላይ አለ» ብሎ ከላሟ ያነባል። ላሟን ከሥሩ ሳሻሽላት እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሌላ ነገር ሆነ። ከሁለት መጽሐፍ ገጽ ገጽ እያወጡ አንድ መጽሐፍ እንደ መጠረዝ ነው። ኪውኢሙ ከዚህ ሊያድነኝ ይሞክራል፤ አንድ ጥጃ እንኳ እየሠራ ቢሆን ላሟን ለመጻፍ መክፈት አይፈቅድም፣ ቁልፍ ይይዛል። እኔ ግን ሁሉንም በሥርዓት ዘግቼ ነበር። ዝጋ ደግሞ በጣም ጥሩ ይሠራል።

ያዳነኝ የሐምሌ 8ቱ ግልባጭ ነው። አሮጌዋን ላም ከውጫዊው ዲስክ መለስኳት። ያልተነሱት አምስት ጥጆች ምንም እንዳልሆኑ ተነሱ፤ ላሟ ባይት በባይት ያችው ናትና ለእነሱ ምንም አልተለወጠም። የተነሱት ሁለቱ ግን በተሳሳተችው ላም ላይ ቆመው ስለጻፉ አልዳኑም። የአንዱን ፋይሎች ፈልቅቄ አወጣሁ። የሌላውን አልቻልኩም። ባለቤቱ ከኋላ የምትቀመጠዋ ልጅ አለመሆኗን ሳይ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አሁን ላሟ ላይ የማይነካ የሚል ምልክት አድርጌባታለሁ፤ ሩት የሚባለው ዋና አስተዳዳሪ እንኳ ምልክቱን ሳያነሳ ሊጽፍባት አይችልም። ዴቢያን 13 ለብቻዋ ሌላ ላም ናት፣ በሌላ ፋይል። የድሮ ጥጆች የድሮዋን ይጠባሉ፣ አዲስ የሚፈጠር አዲሷን።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

የቡሄ ዋዜማ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የሰፈር ልጆች ዱላቸውን እየመቱ ደረጃው ድረስ መጡ፣ ጮክ ብለው። በር ላይ ወጥቼ ሳንቲም ስፈልግ መብራት ሄደ። ልጆቹ በጨለማው አላቆሙም፣ ይባስ ጨመሩ። ሞባይሌን አብርቼ ሙልሙል የለኝም ብዬ ብር ሰጠኋቸው። ስመለስ ዩፒኤሱ እየጮኸ ነው፣ የዴስክቶፑ መብራት ግን ጠፍቷል። ስልኬ ላይ ከላፕቶፑ የመጣ አንድ መልእክት፦ ሰባቱም ተዘግተዋል፣ 38 ሰከንድ። እኔ አልነካሁትም።

ስክሪፕቱ አሁን 143 መስመር ነው። አጥፋን መልሼ አስገብቼዋለሁ፣ ግን ምንም አይሠራም፤ «ዝጋ ነው ወይስ ሰርዝ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከኋላ የምትቀመጠዋ ልጅ ዛሬ ከሰዓት በፊት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ቲቸር፣ ላሟ ሴት ናት፣ ጥጃዬም ሴት ናት። ለምንድነው ዝጋ የምላት?» የምመልሰው አጣሁ። ዓይን ዓይኗን እያየሁ ሳለ ፋይሉን ራሷ ከፈተች፣ መስመሩን ራሷ አገኘችው፣ ራሷ ጻፈችበት። አሁን እንዲህ ይላል፦ ዝጋ|ዝጊ።

ነገ «አስነሺ»ን ትጨምራለች፤ የ«ግባ»ንም «ግቢ» ልታደርግ ነው። ግቢ ሲባል ፋሲል ግቢ የሚመስለው ቢኖርም ተጠያቂዋ እሷ ናት።